ድንኳኑ የቆመበት አፈር

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ መሆኑን ግን አውቃለሁ። እኔ ሰማንያ ስምንት ነው ስል ባለቤቴ ብርቄ «የለም፣ ሰማንያ ዘጠኝ ነው» ትለኛለች። እሷ ዘመን የምትቆጥረው በወለደቻቸው ልጆች ነውና እሷን ማመን ሳይሻል አይቀርም። ዓመቱ ይጥፋብኝ እንጂ ዝናቡ አልጠፋብኝም። ውሃው ከየት ተነሥቶ በየት እንደወረደ፣ የት ላይ እንደቆመ፣ ዛሬም በጣቴ መሬት ላይ ሥዬ ማሳየት እችላለሁ።

ያስታወሰኝ ባለፈው ሐምሌ የሆነ ነገር ነው። እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖሩ የነበሩ አንድ ጡረተኛ ዐረፉና ድንኳን ተተከለላቸው። ድንኳን የሚተከለው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። መሬቱ በድንጋይ የተነጠፈ ስለሆነ ካስማ አይገባውም። ገመዱን አንዱን ከደረጃው ብረት፣ አንዱን ከቆመ መኪና ጎማ ጋር ያስሩታል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። የጣሪያው ውሃና የአስፋልቱ ውሃ አንድ ላይ ሆኖ በድንኳኑ ሥር ገባ። አግዳሚ ላይ የተቀመጥነው ሁሉ፣ ማንም ምንም ሳይል፣ እግራችንን አነሣን። አንዲት ጎረቤታችን የንፍሮውን ሳህን ከፍ አድርጋ በውሃው መካከል ስታልፍ ሳያት፣ እኔ በሐሳቤ ከዚያ ድንኳን ወጥቼ ሌላ፣ የድሮ ድንኳን ውስጥ ገባሁ።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። በልጅነቴ ከጉራጌ አገር መጥቼ፣ ሊስትሮም ሆኜ፣ ተሸካሚም ሆኜ፣ በመጨረሻ እጄ የረጋው የአፈርና የድንጋይ ሥራ ላይ ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የምንኖረው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ቁልቁለቱ ላይ በተደረደሩት የቀበሌ ጭቃ ቤቶች ውስጥ ነበር። በቤቶቹ መካከል አንድ ሜዳ ነበረን። ሜዳ ስል ትልቅ አይምሰላችሁ፤ ኳስ ጠንከር ብሎ ከተመታ የሰው ጣሪያ ላይ ያርፋል። ልብስ የሚሰጣው እዚያ ነው። ግንቦት ልደታ ሲሆን ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ንፍሮውን የሚዘግነው፣ ዳቦውን የሚቆርሰው እዚያ ነው። ሰው ሲሞትም ድንኳኑ የሚተከለው እዚያው ነው። ከሜዳው በላይ አስፋልቱ አለ፤ ከአስፋልቱ ሥር አንድ ቱቦ አፉን ወደ ሜዳው ከፍቶ ይኖራል። ክረምት ሲገባ የላይኛው ሰፈር ውሃ በሙሉ በዚያ ቱቦ ይወጣና ሜዳውን አቋርጦ ወደ ቤቶቹ ይወርዳል። ከሜዳው ቀጥሎ የመጀመሪያው ቤት የእኔ ነበር።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት በነበረው ክረምት፣ ወለሉ ሳይደርቅ ሌላ ዝናብ እየደረሰ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጃችን ሜሮን ሳንባዋን ታመመች። ጤና ጣቢያ ተመላለስን። «ቤቱ ካልደረቀ መድኃኒቱ ብቻውን ምን ያደርጋል?» አለችን አንዲት ነርስ፤ በቁጣ አይደለም፣ አዝና ነው። ቤቱን ማድረቅ አልቻልንም። ልጅቱ ነሐሴ ላይ ሞተች። ለሕፃን ድንኳን ምን ያደርጋል የሚሉ ነበሩ፤ እድሩ ግን ተከለልን። ዝናቡ አላባራም ነበርና ውሃው በአግዳሚዎቹ ሥር ያልፋል። ለቀስተኛው ሁሉ እግሩን አንሥቶ ተቀምጧል። እኔ አላነሣሁም። ማንሣት እንዳለብኝም ትዝ አላለኝም። ያ ልጄን የወሰደብኝ ውሃ በጫማዬ ላይ ሲያልፍ ቀኑን ሙሉ ዝም ብዬ አየሁት።

በቀጣዩ ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ትርሲት የምትባል ወጣት ሴት ወደ ሰፈራችን መጣች። የወንድ ጫማ ተጫምታ፣ የተጠቀለለ ወረቀት በብብቷ ይዛ ሜዳውን ስትዞር ዋለች። ኢንጂነር እንላት ጀመር። «ኢንጂነር አይደለሁም፤ ላንድስኬፕ አርክቴክት ነኝ» ትላለች። ምን ማለት ነው ስንላት፣ «ቤት የሚሠራው ቤቱን ያያል። እኔ በቤቶቹ መካከል የቀረውን ነው የማየው፤ መሬቱን፣ ውሃውን፣ ዛፉን» አለች።

«እንዲህ በይና! የሜዳ ወጌሻ ነሻ!» አላት ከሰፈሩ የቀን ሠራተኞች አንዱ። እሷም ሳቀች፤ ስሙም በዚያው ጸናባት።

ውጭ አገር ተምራ ከተመለሰች ወዲህ መሥሪያ ቤቷ ለብቻዋ የሰጣት የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር። ሐሳቧ ሜዳውን እንደ ገበቴ ጎድጎድ ማድረግ ነው። ከቱቦው የሚወጣው ውሃ መጥቶ እዚያ ያርፋል፤ ቄጠማውና ሣሩ ይይዘዋል፤ መሬቱ ቀስ እያለ ይጠጣዋል። ጠርዙ ላይ ወይራ ይተከላል። «ለምን ሌላ ቱቦ ተቀብሮ ወደ ታች አይሸኝም?» ብዬ ጠየቅኋት። ቁልቁል እያየች፣ «ከእናንተ በታችስ ሰው የለም?» አለችኝ። ያ መልስ ልቤ ውስጥ ገባ። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦ አድርጋ ያዘችኝ።

ከዚያ በፊት የሰፈሩን ሽማግሌዎች ሰብስባ ወረቀቷን ዘርግታ ነበር። ሁሉም በጥሞና አዩ፣ መረቋት፣ «ጥሩ ነው ልጄ፣ እናስብበታለን» አሏት። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ግን ብዙ ዓመት ርቃ ኖራ ይሁን ወይስ ለሥራው ጓጉታ፣ እሺ ያሏት መሰላት። እኔም ብሆን ቤቴ እንዲደርቅ ጓጉቼ ነበርና የሽማግሌዎቹን ፊት አላየሁም።

ቁፋሮው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ተጀመረ። መሬቱ ደረቅ፣ አናቱ እንደ ድንጋይ ነው፤ ወረድ ሲሉ ግን ጥቁር፣ ቀዝቃዛ አፈር ይወጣል፣ ሽታው ዝናብ ዝናብ ይላል። ምሳችንን ከአፈር ክምሩ ላይ ተቀምጠን እንበላለን፤ ሽሮ በፌስታል የቋጠረ፣ ስልጆ ያመጣ፣ ሁሉም በአንድ ነው። ትርሲትም ቆሎዋን አምጥታ መካከላችን ትቀመጣለች። «ወጌሻ፣ እውነቱን ንገሪን፤ ዓሣ ልታረቢበት ነው አይደል?» ይሏታል። «ለእናንተ ጾም ነው፤ ምን አገባችሁ!» ትላለች።

አንድ ቀን መሸት ሲል የእድሩ ዳኛ አስጠሩኝ። አቶ ታፈሰ ይባላሉ፤ ፍርድ ቤት በተላላኪነት አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሲናገሩ ችሎት ላይ ያሉ ይመስላሉ። ደጃቸው ላይ እንደቆምኩ፣

«ወልዴ፣ ድንኳን የት ልትተክልልን ነው?» አሉኝ።

ኮፍያዬን አውልቄ ያዝኩ።

«ጉድጓድ ውስጥ? ወይስ እዚህ ሰፈር ከእንግዲህ ሰው አይሞትም ተብሏል?»

«ጋሽ ታፈሰ፣ ውሃው ቤቴን...»

«ዐውቃለሁ። ልጅህን ያለቀስንልህ እኛ ነን። የተቀመጥንበትን መሬት ነው የምትቆፍረው።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ተሰብስበን ተነጋግረንበታል። ሜዳው እስኪመለስ ድረስ ከእድሩ ታግደሃል። ይግባኝ የለውም።»

ከእድር መታገድ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ማንም አይመታህም፣ ማንም አይሰድብህም። ሰው ሲሞት ግን አብረህ አትቆምም፤ ሬሳ አትሸከምም፤ ገመድ አትይዝም። አንተ የሞትክ ቀንም ሚስትህ የማንን በር ታንኳኳለች? ለእኔ ዓይነቱ ዘመዱ ሩቅ ለሆነ ሰው ወገኑ እድሩ ነው።

ቤት ገብቼ ለብርቄ ነገርኳት። የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። «ሜሮንን የቀበሩልን እነሱ ናቸው» አለች። እኔም «አዎ» አልኩ። ቆይታ ደግሞ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ «ይሄስ? የት ላስተኛው ነው?» አለችኝ።

በማግስቱ ለትርሲት ነገርኳት። ክምሩ ላይ ቁጭ አለች። «ድንኳን!» አለች፤ «እኔ እኮ የመጣሁ ቀን ሁሉ ሜዳው ባዶ ነበር። ባዶ መሬት ነው የለካሁት።» ሥራውን ራሷ አስቆመችው። መሥሪያ ቤቷ ደግሞ ከክረምት በፊት ካላለቀ ወደ ሌላ ሰፈር ይዛወራል ብሏታል። እንዲህ ሆነን ከረምን፤ ሜዳው ግማሹ ጉድጓድ ነው፣ የወጣው አፈር ጋሪ እንዲሄድበት ተደልድሎ በጎን በኩል እንደ መደብ ተጋድሟል፣ እኔ ሥራም እድርም የለኝም፣ ክረምቱ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ሚያዝያ ላይ፣ ገና ሲነጋ፣ ጥሩምባ ተነፋ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ከወሎ የመጣ፣ ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ ልብስ ሰፊ ነበር። እድራችን የክርስቲያኑም የእስላሙም ነው፤ ለሁሉም የሚነፋው እሱ ነው፤ ድንኳኑ ሲቀደድም በስፌት መኪናው የሚሰፋው እሱ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጥሩምባ እያለ ነበር የሚጠራው፣ እኔም እንደዚያው። የዚያን ቀን ጠዋት የጠራው ስም የወይዘሮ የሺ ነበር፤ የአቶ ታፈሰ ባለቤት።

ወንዶቹ ድንኳኑን ተሸክመው መጡ። ሜዳው እንደምታውቁት ነው። ወዲያ ወዲህ አሉና፣ ሌላ ደልዳላ ቦታ ስለታጣ፣ ያ የወጣው አፈር ላይ ሊተክሉት ተስማሙ። አንዳንዱ ወደ እኔ እያየ ያጉረመርማል። እኔ ከቤቴ ደጃፍ ቆሜያለሁ። መሄድ አልችልም፤ መግባትም አልቻልኩም። እማማ የሺ ሜሮን የሞተች ቀን ብርቄን አቅፈው ያደሩ ሴት ናቸው። እጄ የሚገባበት አጥቶ ተንጠልጥሏል።

ጥሩምባ አየኝ። የድንኳኑን አንድ ገመድ ይዞ ሜዳውን ዞሮ፣ እኔ ፊት መጥቶ ቆመና ጫፉን ዘረጋልኝ።

«ያዝ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ!»

«እሱ ታግዷል እኮ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ጥሩምባ ዞር ብሎ፣ «ያገደው ሰው ሚስቱ ሞታበታለች። ዛሬ ዳኛ የለም፤ ዛሬ ያለው ለቀስተኛ ነው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ፣ ቀስ ብሎ፣ «ሳበው ወንድሜ፣ ረግቧል።»

ሳብኩት። ካስማ መታን፣ አግዳሚ ደረደርን፣ ሬሳውንም ልደታ ማርያም ድረስ ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ትርሲትም መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ሰው አጽናንታ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ስለ ሥራው አንዲት ቃል አላነሣችም። በሁለተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የበልጉ ዝናብ በድንገት ተለቀቀ። ቱቦው ሲያጓራ ሰማን። ያን ጊዜ፣ ማንም ሳያዝ፣ በድንኳኑ ያለነው ሁሉ እግራችንን አነሣን። ልማድ ነዋ! እግራችንን አንሥተን ጠበቅን። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፤ እኛ እንጠብቃለን። ውሃው አልመጣም። መጀመሪያ አንዱ እግሩን አወረደ፣ ከዚያ ሌላው። አቶ ታፈሰ ተነሥተው የድንኳኑን መጋረጃ ገለጥ አደረጉና ቆመው ቀሩ። ውሃው ከቱቦው እየዘለለ ወርዶ፣ ያ በግማሽ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፣ እየዞረ ይተኛል። ድንኳኑ የቆመበት አፈር ከፍ ብሎ ደረቅ ነው። ይህን ማንም አላቀደውም። ትርሲት መሬቱን ስታይ አየኋት፤ አንዴ ሰዎቹን፣ አንዴ በር በሩን፣ አንዴ ድስቶቹ የተጣዱበትን ጥግ፣ ደግሞ መሬቱን። ያን ቀን ያየችውን መሬት ከዚያ በፊት አላየችውም።

በሠልስቱ ድንኳኑ ሊነሣ ሲል ጥሩምባን ቀረብ አለችና፣ «እስከ ነገ ቢቆይልኝ፤ ልለካው ነው» አለችው።

«ሠልስት ካለፈ? ያለ ለቅሶ የቆመ ድንኳን ማንን ሊጠራ ነው? አንቺ ልጅ፣ አታሟርቺብን!»

«ይቅርታ፣ አላሰብኩትም» አለችና ወደ ኋላ አለች። ድንኳኑ ተጠቀለለ። ካስማው ሲነቀል ግን ጥሩምባ እንደ ወትሮው እየወዘወዘ አልነቀለም፤ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይመዘው ነበር፣ ቀዳዳው እንዳይናድ። ትርሲት ይህን አየች። ሰው ሲበተን ጎንበስ ብላ ጠጠር ለቀመችና በየቀዳዳው አንድ አንድ ጠጠር አስቀመጠች። ሲያልቅ ድንኳኑ ሳይኖር ድንኳኑ መሬት ላይ ተሥሎ ታየ፤ በሩ የት እንደሆነ፣ ሴቶቹ የት እንደተቀመጡ፣ ሬሳ በየት እንደወጣ።

አቶ ታፈሰ ራሳቸውን ተላጭተው፣ በትራቸውን ተደግፈው ከጉድጓዱ ጠርዝ መጡ። ውሃው ሰጥሞ ከታች ጥቂት ጭቃ ብቻ ቀርቷል።

«የት ሄደ?» አሏት።

«የትም አልሄደም። መሬቱ ጠጣው።»

«የሺ ቁርጥማት ነበረባት» አሉ። «ከሰው ለቅሶ በተመለሰች ቁጥር እግሯ እንደበሰበሰ ነው። እሳት ዳር ቁጭ ብላ ታሸው ነበር።» «በሷ ለቅሶ ሰው እግሩ ሳይረጥብ ተቀመጠላት።» ከዚያም በበትራቸው ጠጠሮቹን እያሳዩ፣ «ይሄ አፈር ሊነሣ ነው?»

«አይነሣም። እናሰፋዋለን፣ በድንጋይ እንደግፈዋለን። ድንኳኑ እዚህ፣ ውሃው እዚያ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ወልዴ፣ የታገድከው በሜዳው ነው። ሜዳው ካለ እገዳው የለም።» ትንሽ ሄድ አሉና ሳይዞሩ፣ «ይግባኝ የለውም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ነው የቆፈረው። ሰኔ ሲገባ ቄጠማውም ሣሩም ተተክሎ አልቋል። ሐምሌ ላይ፣ የብርቄ ቀን በደረሰበት ሰሞን፣ ሰማዩ ተቀደደ። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ውሃው በገበቴው ውስጥ ከፍ ሲል፣ ቄጠማውን ሲሸፍን፣ ጠርዙ ላይ ሲደርስ አየሁ። ጠርዙ ላይ ደርሶ ቆመ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቅሁም። ወንዱ ልጃችን የተወለደው በዚያ ሳምንት ነው። ከመውለዷ በፊት ብርቄ ወለሉን ስትጠርግ ሳቀች፤ አቧራ ተነሥቶባት። በሐምሌ፣ ያ ቤት ውስጥ፣ አቧራ!

ትርሲት ከዚያ ወዲያ ብዙ ቦታ ሠርታለች፤ የወንዝ ዳር፣ የትምህርት ቤት ግቢ፣ የኮንዶሚኒየም ግቢ። ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ ለብዙ ዓመት ካቦዋ ሆኜ አብሬያት ዞሬያለሁ። የትም ሰፈር ስንሄድ ወረቀቷን ሳትዘረጋ በፊት ሰዎቹን «ድንኳን የምትተክሉት የት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። የሚደነግጥ አለ፣ የሚቆጣም አለ። እሷ ግን እስኪያሳዩዋት ትጠብቃለች። አሁን ፀጉሯ ሸብቷል፤ ወጣቶቹንም ይህንኑ ታስተምራለች ይሉኛል።

ያ ሰፈር ግን ዛሬ የለም። ለኮንዶሚኒየሙ ሲፈርስ ዶዘሩ ገበቴውንም ሞላው። የዚያን ቀን ትርሲት መጥታ ነበር፤ የቄጠማውን ሥር ነቅላ በፌስታል ቋጥራ ወደ ሌላ ሥራዋ ወሰደች። እኔም አላዘንኩም አልልም። ግን ከተማ እንዲህ ነው፤ አንዱ የሠራውን ሌላው ይደለድለዋል፣ ውሃው ደግሞ የድሮ መንገዱን አይረሳም። ባለፈው ሐምሌ እግሬን አንሥቼ ተቀምጬ ያሰብኩት ይህንን ነበር።

ያሰብኩት ሌላም ነገር አለ። ትርሲትን ስለ ቤቴ ብዙ ጊዜ አመስግኛታለሁ። ያን ገመድ ያቀበለኝን ሰው ግን አንድም ቀን አላመሰገንኩትም፤ እሱም ደግሞ አንሥቶት አያውቅም። ያን ጠዋት ባያቀብለኝ ኖሮ ቤቴ ቢደርቅም በዚያ ሰፈር ሰው ሆኜ አልኖርም ነበር። ሰፈሩ ከመፍረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ቀን ማለዳ በሌላ ሰው ትንፋሽ ጥሩምባ ተነፋ፤ የተጠራውን ስም ብዙዎቻችን ስላላወቅነው ማን ይሆን እያልን ነበር ከየቤታችን የወጣነው። የሁላችንንም ስም ሲጠራልን ኖሮ የራሱን ያልሰማንለት ሰው። እንድሪስ ይማም ይባል ነበር።